ዘቢዳርን የዞረው ባቡር

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለወይዘሪት ዘነበወርቅ ዱባለ፣
ኑርንበርግ፣ ጀርመን አገር

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቅ አደረገሽ? እኔም፣ ባለቤቴ መንበረም፣ ከብቶቹም ጭምር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሄድሽበት ወዳጅ አይጥፋሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ።

ሰላምታዬን ካደረስኩ ወደ ንዴቴ ልግባ። አባትሽ እንደ ልማዱ ለመስቀል ከአዲስ አበባ መጣ። ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እኔው ቤት፣ እኔው ያረድኩትን ሥጋ እየበላ እንዲህ አለ፦ «ወንድሜ ወልደአማኑኤል ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው መሄጃ ብረት ሲያነጥፍ ኖሮ ይኸው ባዶ እጁን ገባ። የኔ ልጅ ግን ነጭ ጋዋን ለብሳ ሐኪም ልትሆን ነው። ልፋት ማለት እንዲህ ነው እንጂ በመዶሻ መቀጥቀጥ አይደለም።» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንግዳዬ ነው፣ ታላቄም ነው፣ ምን ላድርገው?

የአገሩም ሰው ያው ነው። «ባቡር ትነዳ ነበር?» ይሉኛል። አልነዳሁም ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። እኔ ድሬዳዋ የሀዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበርኩ! ነጂው የሚሄደው እኔ በዘረጋሁለት ላይ ነው። ሀዲዱ አንድ ጣት ቢሰፋ ነጂውም መንገደኛውም ገደል ገቡ ማለት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእኔ ክፍል አንድም ባቡር ከሀዲድ አልወጣም። ግን ባቡር ላላየ ሰው ስለ ሀዲድ ምን ብዬ ላስረዳው?

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ባቡር ወደ አገራችን እስኪመጣ ዕድሜዬ አይጠብቅም፤ እኔው ቤቴ ውስጥ አመጣዋለሁ። ትልቁን ቤታችንን ታውቂዋለሽ። መሃሉ ላይ ያለው ምሰሶ ዘቢዳር ተራራ ይሆናል። በበሩ በኩል ወልቂጤ፣ በጓሮው በኩል ቡታጅራ፣ ሀዲዱ ተራራውን ዞሮ ያገናኛቸዋል። ወለሉ ላይ አይደለም፤ ጉልበት በሚደርስ የእንጨት መድረክ ላይ ነው የምሠራው።

አንቺ ያለሽበት ከተማ ትንንሽ ባቡር የሚሠራበት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እስቲ ጠይቂልኝ። የሀዲዱን ስፋት ከነገርሽኝ ሀዲዱን ራሴ እዘረጋለሁ፤ ከአንቺ የምፈልገው ባቡሩን ብቻ ነው። የፊታችን መስቀል ይህን ባቡር በአባትሽ ፊት ካላስኬድኩ ወልደአማኑኤል አይደለሁም።

ትምህርትሽስ እንዴት ነው? እትዬሽ መንበረ ጉንጭሽን ትስማለች።

አጎትሽ ወልደአማኑኤል


ኑርንበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ ወልደአማኑኤል፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ መንበረስ? እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ።

ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኛል። ሥራ ይበዛል፣ ቀኑ ሳይታወቀኝ ይመሻል።

ስለ ባቡሩ ግን በደስታ እነግርዎታለሁ። ለእርስዎ የሚስማማው ጥቁሩ የከሰል ባቡር ነው። ከሰል አያቃጥልም፤ መልኩ ነው እንጂ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። የፊት መንኮራኩሮቹ ወደ ጎን ትንሽ ስለሚላወሱ በጠባብ መዞሪያ ላይ አይጨነቅም። ሌላው ዓይነት ያምራል እንጂ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ጥርሱ ከፕላስቲክ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ በእርሱ አይታለሉ። ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሀዲድ ገብቶ በሌላው ይመለሳል፣ ስለዚህ ሁለቱን የሚያነካካ ብረት በመካከል እንዳይኖር። የጭነት መኪና ባትሪ ይበቃዋል።

የሁለቱ ሀዲዶች መራራቅ አንድ አውራ ጣት ነው። አሁን ይህን ስጽፍ አውራ ጣቴን አስገብቼ አየሁት፤ ልክክ አለ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባቡሩን የምልከው እኔ መሆኔን ለአባቴ አይንገሩት። ከትምህርቴ የተዘናጋሁ ይመስለዋል።

የእርስዎ ልጅ ዘነበወርቅ


ወልቂጤ፣ ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘነበወርቅ፣

የእናትሽ አምላክ በባዕድ አገር ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፣ ቤቱ ግን ደህና አይደለም። መንበረ እንዲህ ብለህ ጻፍላት አለችኝ፦ «ባለቤቴ አብዷል። መተኛዬን ወልቂጤ ወሰደው፣ የእቃ መደርደሪያዬ የአታት መንደር ሆኗል፣ ለመስቀል ክትፎውን ተራራው ጫፍ ላይ ነው የማቀርበው?» የተናገረችውን ቃል በቃል ጽፌልሻለሁ፤ በእኔ እንዳትፈርጂ።

በሀዲዱ ሥር የሚጋደሙትን እንጨቶች ከጽድ እየጠረብኩ ከአንድ ሺህ አሳልፌያለሁ። ለሀዲዱ ከአዲስ አበባ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስመጥቼ፣ እንጨቱን በቢላ እየበጣሁ አጣብቄ አስገባዋለሁ። ዘቢዳርን በጭቃና በጭድ ገነባሁት፤ ሣሩ የእንሰት ቃጫ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ነክሬዋለሁ። መዞሪያው ላይ የውጭውን ሀዲድ በክብሪት እንጨት ውፍረት ከፍ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ የሚገባው ሰው እዚህ የለም፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። ባቡር ሲታጠፍ ወደ ውጭ መጣል ይወዳል፤ የውጭው ሀዲድ ከፍ ካለ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህንን ነው አባትሽ በመዶሻ መቀጥቀጥ የሚለው።

ሸምሶን ታስታውሽዋለሽ፣ ከቡታጅራ በጭነት መኪናው የሚመላለሰው ጓደኛዬ። ባትሪውን ሊያውሰኝ ተስማምቶ ሥራውን ሊያይ መጣ። ዞሮ ዞሮ ቡታጅራ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጋጣው ያለው በዚያ በኩል ነው፤ ላሟም አንገቷን አውጥታ ገበያው ላይ ታመነዥግ ነበር። «ወላሂ ወልደአማኑኤል፣ ቡታጅራን ከጋጣ አጠገብ?» አለኝ። «ወልቂጤን በር ላይ፣ ቡታጅራን እበት ውስጥ! ባትሪዬን አታያትም!» ብሎ ሄደ። ሁለት ሳምንት አኮረፈ። አሁን ላሟን ወደ ሌላው ማሰሪያ አዛውሬ፣ ለቡታጅራ መስጊድና ሰፊ የገበያ ሜዳ ሠርቼ አስታርቄዋለሁ።

ለመንበረ ጉልበት መድኃኒት ላኪላት። ሐኪም በቤታችን እያለ ስታነክስ መኖሯ ነውር ነው።

አጎትሽ ወልደአማኑኤል


ኑርንበርግ፣ የካቲት 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባቡሩን ከሁለት የጭነት ፉርጎ ጋር ልኬያለሁ። አቶ ሸምሶ ከአዲስ አበባ ቢያወጡልዎ ጥሩ ነው፤ በአባቴ የመርካቶ ሱቅ በኩል እንዳይሆን አደራ።

የውጭውን ሀዲድ ከፍ ማድረግዎን ሳነብ ብድግ አልኩ። እዚህ ለልጆች ጨዋታ ነው ብለው ያን ሁሉ አይጨነቁበትም። ለ... ለማውቃቸው ሴቶች ነገርኳቸውና «አጎትሽ መሐንዲስ ነው?» አሉኝ። «ከመሐንዲስ ይበልጣል» አልኳቸው።

ባቡሩን ከማንሳትዎ በፊት ዘይት በመርፌ ጫፍ ብቻ ይንኩት። ከበዛ መንኮራኩሩ ይንሸራተታል።

ለእትዬ መንበረ ጉልበት ከዚህ ሆኜ መድኃኒት ማዘዝ አልደፍርም። አቅራቢያ ያለ ሐኪም ቢያያት ይሻላል። ይቅርታ ታድርግልኝ።

ዘነበወርቅ


ወልቂጤ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘነበወርቅ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ምክንያቱም አፍሬያለሁ።

ባቡሩ ደረሰ። እንዴት ያለ ዕቃ ነው! ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አየሁት። ፋሲካ ማግስት ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። አዛውንቱ አቶ አበራ እንኳ በከዘራ መጡ። ሸምሶ ባትሪውን ከመኪናው ፈትቶ ተሸክሞ ገባ። እኔም ኮቴን ለብሼ፣ ባቡሩን በሁለት እጄ ይዤ ወልቂጤ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ዘጭ ብሎ ወደቀና ተጋደመ! ቢሰፋ ይሰፋል፣ ግን ይህን ያህል?

የሆነውን ወዲያው ገባኝ። አንድ አውራ ጣት አልሽኝ፣ እኔም አውራ ጣቴን ይዤ ሠላሳ ክንድ ሀዲድ ዘረጋሁ። የማን አውራ ጣት? ሠላሳ አንድ ዓመት መዶሻ የያዘ፣ ሁለት ጊዜ ተቀጥቅጦ ያበጠ አውራ ጣት! አባትሽን «መርካቶ ጨርቅ የምትሸጠው በአጭር ክንድህ እየለካህ ነው» እያልኩ ስቀልድበት ኖሬ፣ እኔ የሀዲድ አለቃው በጣት ለካሁ። ድሬዳዋ ሳለሁ አንድ ሠራተኛ እንዲህ ቢያደርግ በዚያው ቀን አባርረው ነበር።

ሰዎቹ አልሳቁብኝም፣ ይበልጥ ያናደደኝ እርሱ ነው። አቶ አበራ «አይዞህ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» አሉኝ። ለሚቀጥለው ዓመት! አባትሽ በመስከረም መጥቶ ይህን ቢያይ ቀሪ ዕድሜዬን ሲስቅብኝ ይኖራል።

ሁሉንም ነቅዬ እንደገና እጀምራለሁ። አንቺ ግን ከእንግዲህ ጣት የሚባል ነገር እንዳትጽፊልኝ። ከብረት የተሠራ ትክክለኛ መለኪያ ፈልጊና ቶሎ ላኪ።

አጎትሽ


ኑርንበርግ፣ ግንቦት 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የእርስዎን እጅ እያወቅሁ እንዲያ መጻፍ አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ።

መለኪያውን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ከጫፉ የወጡትን ሁለት ጥርሶች በሀዲዶቹ መካከል ያስገቡ። ጠበቅ ብሎ ከሄደ ይተዉት፣ ከተንገዋለለ ይንቀሉት። እዝነት አያስፈልግም።

አባቴ ጽፎልኛል። የምመረቅበትን ቀን ንገሪኝ፣ ለማኅበሩ ድግስ ልደግስ ይላል። ገና አልመለስኩለትም።

ዘነበወርቅ


ወልቂጤ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘነበወርቅ፣

ሥላሴ ይጠብቁሽ፣ መንገድሽን ያብሩልሽ።

በመጀመሪያ መልካሙን ወሬ። ሀዲዱን ከወልቂጤ እስከ ዘቢዳር አጋማሽ እንደገና ዘርግቻለሁ። ክረምቱ ከቤት አያስወጣም፣ ለሥራ ግን ተመቸኝ። መንበረ አሁን ከእኔ ብሳ ቃጫውን እሷ ናት የምትነክረው። ትናንት «ይህ ጫካ ሳሳ» ብላ ተቆጣችኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትደንግጪ።

መለኪያሽ አዲስ አይደለም። ናሱ በአንድ በኩል ተልጧል። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ያበራል። ናስ እንዲህ የሚሆነው ከጠዋት እስከ ማታ፣ ዓመትና ሁለት ዓመት በአንድ ሰው እጅ ሲያዝ ነው። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት፣ አልገባም። የመንበረን አስቀመጥን፣ የእሷም ትንሽ ተረፈ። ይህን መለኪያ የያዘችው ትንሽ አውራ ጣት ያላት ሴት ናት። ከሱቅም አልተገዛም፤ ሠራተኛ ከኪሱ የማያወጣው ዓይነት ነው። እኔም ድሬዳዋ አንድ ነበረኝ፣ ለማንም አላውሰውም ነበር።

ከዚያ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። የባቡር ጥርስ ከፕላስቲክ ይሁን ከብረት ታውቂያለሽ፣ ዘይቱ ስንት ጠብታ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእትዬሽን ጉልበት ግን አታውቂም።

ምንም አልጠየቅሁሽም። ለአባትሽም ትንፍሽ አላልኩም፣ አልልምም። ብቻ አጎትሽ ብረት ሲያይ የኖረ ሰው መሆኑን እወቂው።

አጎትሽ ወልደአማኑኤል


ወልቂጤ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘነበወርቅ፣

ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ መልስ የለም። በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ፤ ጸሐፊው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። አስቀይሜሽ ከሆነ የሽማግሌ አፍ ነው ብለሽ ተይው።

ሀዲዱ ቡታጅራ ገብቷል፣ ተራራውን ዞሮ ወልቂጤ ተመልሷል። በመለኪያሽ ሠላሳውንም ክንድ ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። ባቡሩን ግን ገና አላስኬድኩትም። ሸምሶ «ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። የምጠብቀውን አልነገርኩትም።

ደህና መሆንሽን ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ኑርንበርግ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ወልደአማኑኤል፣

እንኳን ለዘመነ ማርቆስ በሰላም አደረሰዎ።

ሐምሌ የጻፉትን ደብዳቤ ካነበብኩ ጀምሮ ስጽፍና ስቀድ ነው የከረምኩት። አሁን ሳልቀደው ልላከው።

እውነት ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ማንም አላባረረኝም። ደም ማየት አልችልም። ሁለት ጊዜ በሽተኛው ሳይወድቅ እኔ ወደቅሁ። በዕረፍት ወራት ለአንድ ወር ብዬ የትንንሽ ባቡር ፋብሪካ ገባሁ፣ ከዚያ አልወጣሁም። መጀመሪያ መንኮራኩር እገጥም ነበር። አሁን ፈታሽ ነኝ። አሥራ ሁለት ሴቶች የገጣጠሙትን እኔ ነኝ እያየሁ የማሳልፈው። አለቃችን ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ጠረጴዛ ያመጣና «ከዚህች ልጅ እጅ ያለፈ ባቡር አይመለስም» ይላል።

አጎቴ፣ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ጠዋት ስነሳ ደስ ይለኛል። የማፍረው በሥራው አይደለም፣ በዋሸሁት ነው። አባቴ በየደረሰበት ሐኪሟ ልጄ እያለ፣ እኔ እንዴት አድርጌ ፋብሪካ ነኝ ልበለው? በመዶሻ መቀጥቀጥ ያለው እርስዎን ብቻ መሰለዎ? እኔንም ነው ሳያውቀው የሰደበኝ።

የእርስዎን ባቡር ከፋብሪካው አስፈቅጄ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ መጨረሻው ብቻዬን ገጠምኩት። ገልብጠው በፊተኞቹ መንኮራኩሮች መካከል ይዩ፤ በመርፌ «ዘ» ብዬ ጭሬበታለሁ። በሕይወቴ ስሜን የጻፍኩበት ሥራ እርሱ ብቻ ነው።

ለአባቴ ይንገሩት ወይም አይንገሩት፣ ለእርስዎ ትቻለሁ። እኔ አቅም አጣሁ።

ልጅዎ ዘነበወርቅ


ወልቂጤ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለፈታሿ ለዘነበወርቅ ዱባለ፣

እጅሽ ይባረክ። ይህን ምርቃት ያመጣሁት ከራሴ አይደለም፤ ከማን እንደሆነ ቆይተሽ ትሰሚያለሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ መስከረም 15 ቀን ነው፣ እርዱ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው። አንብቤ ባቡሩን ገለበጥኩት። «ዘ» አለ። መንበረን ጠርቼ አሳየኋት፣ አለቀሰች፤ ቀጥሎም «ለካ የጉልበት መድኃኒት የለመንኩት ባቡር ሠሪን ኖሯል!» ብላ ሳቀች።

አባትሽ በማግስቱ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ሲያይ አፉን ያዘ። ዘቢዳር ከነጫካው ምሰሶውን ከቦታል፣ አታት አለ፣ ቡታጅራ ከነመስጊዱ አለ። «ምንድነው ይሄ የልጅ ጨዋታ?» አለ። እርዱ አለቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ሸምሶም የራሱን ሥጋ አሳርዶ መጥቶ አብሮን በላ። በመስቀል ዕለት ባትሪውን አስገባን። ጎረቤቱ መድረኩን ዙሪያውን ከቦ ቆመ። አቶ አበራ ወንበር ተደረገላቸው።

ባቡሩን ወልቂጤ ላይ አስቀመጥኩት። ሸምሶ «ቢስሚላህ» ብሎ ሽቦውን አገናኘ።

ዘነበወርቅ፣ ሄደ! ሄደ ብቻ ነው? በረረ! የመኪና ባትሪ ነውና የፍጥነት ማባበያ የለውም፤ አታትን ሳያየው አለፈ። ወደ ዘቢዳር መዞሪያ ሲቃረብ ሴቶቹ «ወደቀ! ወደቀ!» ብለው ጮኹ። አባትሽ ሊቀልበው እጁን ዘረጋ። ባቡሩ መዞሪያው ውስጥ ገባ፣ ወደ ውስጥ ጋደል አለ፣ የክብሪት እንጨት ታህል ከፍ ባደረግሁት ሀዲድ ላይ ተደግፎ ተራራውን ዞረ። ቡታጅራ ሲገባ ሸምሶ እልል አለ፤ ወንድ እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። ባቡሩ ሳይቆም ወልቂጤ ተመለሰ። አባትሽ ዘርግቶት የነበረውን እጅ እስካሁን አላጠፈውም ነበር።

ከዚያ እኔን አቀፈኝ። «ወንድሜ፣ ለካ ይህን ነበር የምትሠራው! በል ይቅር በለኝ» አለ፣ በሰው ሁሉ ፊት። የአንቺ ጉዳይ ባይኖርበት እዚያው ላይ ቢያበቃ ይበቃኝ ነበር።

ግን ታላቅ ወንድም ነውና በመስቀል መመረቅ የእርሱ ነው። ቆመ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቀን፤ ለከብቱ፣ ለእህሉ፣ ለቤቱ። በመጨረሻም ወደ ባቡሩ ዞሮ፦ «ይህን የገጣጠመ እጅ ይባረክ! እጁ አይዛል፣ ዓይኑ አይፍዘዝ! የወለደው አባት በሰው ፊት አንገቱን አይድፋ፣ ደረቱን ነፍቶ ይሂድ!» አለ። ሁሉም «አሜን!» አለ። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

«ወንድሜ፣ ምርቃትህ ደርሷል» አልኩት። «ባቡሩን የገጣጠመችው ዘነበወርቅ ናት።»

ቀልድ መሰለው። ባቡሩን ገልብጬ ሰጠሁት። መነጽሩን አውጥቶ አየ። እኔም ሁሉንም ነገርኩት፤ ከትምህርት ቤቱ መውጣትሽን፣ ፋብሪካውን፣ አሥራ ሁለቱን ሴቶች። «ሐኪም አይደለችም?» አለኝ። «አይደለችም» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ዋሽታኛለች» አለ። «ዋሽታለች» አልኩት፤ ውሸቱን ልሸፍንልሽ አልቻልኩም።

ተነስቶ ወጣ። ደጁ ላይ ሣሩን እየረገጠ ብቻውን ወዲያና ወዲህ አለ። ማንም አልተከተለውም። ሲመለስ አቶ አበራ ፊት ቆሞ፣ «አባቴ፣ ሳላውቅ የመረቅሁት ምርቃት ይነሳልኛል?» ብሎ ጠየቃቸው። አቶ አበራ ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙና፣ «በመስቀል፣ በዚህ ሁሉ አሜን ላይ? የወጣ ምርቃት አይነሳም። ደግሞ ዱባለ፣ ለራስህ እኮ ነው የመረቅኸው» አሉት።

እኔ ከኪሴ መለኪያሽን አውጥቼ በአባትሽ መዳፍ ላይ አኖርኩት። የሚያበራውን ቦታ አሳየሁት። አውራ ጣቱን አስቀመጠበት። አልገባም። «ትንሽ ነበረች እኮ» አለ። ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። ቆይቶ ግን «በሉ እንደገና አስኪዱት» አለ። ሰባት ጊዜ አስኬድነው፣ የሸምሶ ባትሪ እስኪሞት ድረስ። ሸምሶ በማግስቱ መኪናውን በሰው አስገፍቶ ነው ያስነሳው።

ይህን ሁሉ በጻፍኩ ነበር ከሁለት ሳምንት በፊት፤ ያዘገየኝ ንዴት ነው። አባትሽ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ባቡሬን ይዞብኝ ሄደ! «ለአንድ ሳምንት አውሰኝ» አለኝ። እስካሁን አልመለሰም። ሸምሶ መርካቶ ሄዶ አይቶታል። ሱቁ ውስጥ ከአቡጀዲው ጥቅል ላይ አቁሞት፣ ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «መጀመሪያ ይህን እይ» ይለዋል አሉ። እየገለበጠም የባቡሩ ሆድ ላይ ያለውን «ዘ» ያሳያል። እኔ እዚህ ሠላሳ ክንድ ሀዲድ ይዤ፣ ባቡር የሌለው የባቡር አለቃ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

መለኪያሽን በዚህ ደብዳቤ መልሼልሻለሁ። ሠራተኛ ያለ መለኪያው መዋል የለበትም።

ሌላ ባቡር ላኪልኝ። ደግሞ አባትሽ በሸምሶ በኩል አንድ አደራ ልኮብሻል፣ እንዳለው ልጻፈው፦ «ገበያተኛው ‹ዘ› የማን ልጅ ናት እያለ ይጠይቀኛል። በሚቀጥለው ላይ ስሟን ሙሉውን፣ ከነአባቷ ትጻፍበት።»

አጎትሽ ወልደአማኑኤል፣
የሀዲድ ሠራተኞች አለቃ